የጢስ ዋጋ

በፈረንሳይ አገር እምብርት፣ ክሮዝ በሚባለው አውራጃ፣ ኮረብታና ሸለቆ እየተፈራረቁ በሚታዩበት ሥፍራ፣ የኅዳር ማለዳ ጉም ሲገፈፍ አስቀድሞ ብቅ የሚለው የቤቶች ጣራ ነው። ጣራዎቹ ብዙ ናቸው፤ ጢስ የሚወጣባቸው ግን ጥቂት ናቸው። መንገደኛ ቆም ብሎ ቢቆጥር፣ በአንዲት ትንሽ መንደር ካሉት አሥራ አንድ ቤቶች መካከል ጢስ የሚታይባቸውን ሦስት ብቻ ያገኛል። የቀሩት ስምንቱ የእንጨት መስኮቶቻቸውን ዘግተው፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያዳምጥ ሰው ጸጥ ብለዋል። ከስምንቱ ሦስቱ ባለቤቶቻቸው ሞተው ወራሾች ያልተስማሙባቸው ናቸው። አምስቱ ባለቤት አላቸው፤ ባለቤቶቹ የሚመጡት ግን በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው።

በአንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ ከፓሪስ የተነሡ ባልና ሚስት ለዕረፍት ጊዜ የሚሆን ቤት ፍለጋ ወደዚህች መንደር መጡ። ባልየው የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ሲሆን ሚስቲቱ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ናት። የሁለቱም ዕድሜ አምሳን ተሻግሯል። ባለጸጎች አይደሉም፤ ሃያ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ በፓሪስ ከተማ ለአንዲት ጠባብ ክፍል እንኳ አይበቃም። የሚመኙትም ትልቅ ነገር አልነበረም፤ በሩን ከፍተው የሚቀመጡበት ደጃፍ፣ ጥቂት አትክልት፣ ማታ ማታ የመኪና ድምፅ የማይሰማበት ጸጥታ። በፈረንሳይ ይህ ምኞት የጥቂቶች አይደለም። በአገሪቱ ካሉት መኖሪያ ቤቶች ከአሥሩ አንዱ ያህል፣ በቁጥርም ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት፣ ባለቤታቸው ዓመቱን ሙሉ የማይኖርባቸው ሁለተኛ ቤቶች ናቸው።

የባሕር ዳሩ ቤት ውድ ነው። በደቡብ፣ በፕሮቫንስ ደግሞ፣ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ፒተር ሜይል በዚያ ያሳለፈውን ዓመት የሚተርከውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1989 ካሳተመ በኋላ፣ የሉቤሮን ተራራ መንደሮች የየአገሩ ባለገንዘብ ዓይን ማረፊያ ሆነዋል። በዶርዶኝ ሸለቆም እንግሊዞች ቤት መግዛት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ ግን ቤት ያለው እንግሊዛዊም ቢሆን ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው። ክሮዝ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከመላው ፈረንሳይ ቤት እጅግ ከሚረክስባቸው አውራጃዎች አንዱ ነው።

የርካሽነቱ ምክንያት ግን ርካሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1851 በተደረገው ቆጠራ ክሮዝ 287 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበረው፤ ዛሬ የቀረው 115 ሺህ ገደማ ነው። መሬቱ ጭንጫ፣ ድንጋዩ ግራናይት በመሆኑ፣ እርሻ ብቻውን ሰውን መመገብ አልቻለም። ስለዚህ የአገሩ ወንዶች ድንጋዩን ራሱን ሙያ አደረጉት። በየዓመቱ የብርዱ ወራት ሲያልቅ መዶሻቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው ፓሪስ ይገባሉ፤ ሲገነቡ ከርመው ብርዱ ሲመለስ ወደ ሚስቶቻቸው ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ማርታን ናዶ ነበር። ናዶ እ.ኤ.አ. በ1830፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱን ተከትሎ በእግሩ ፓሪስ ገባ፤ ጭቃ ከመሸከም ተነሥቶ የሕዝብ እንደራሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ደግሞ የክሮዝ አገረ ገዥ ለመሆን በቃ። ባሮን ኦስማን እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1870 ፓሪስን አፍርሶ ሲያሠራ፣ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቃቸውን ረጃጅም የድንጋይ ሕንፃዎች ካቆሙት እጆች ብዙዎቹ የክሮዝ እጆች ነበሩ።

የግንበኝነቱ ደመወዝ መንደሩን ገነባ፤ ግንበኛውን ግን ከተማው ቀስ በቀስ አስቀረው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918 የተደረገው ጦርነት መጣና ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረንሳውያንን በላ። በዚሁ በክሮዝ፣ ዣንሲዩ በምትባል መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የቆመ አንድ የሙታን መታሰቢያ አለ፤ የሟቾችን ስም በሚዘረዝረው ድንጋይ ፊት አንድ ወላጅ አልባ ሕፃን ጡጫውን ዘርግቶ ቆሟል፤ ጽሑፉም ጦርነትን ይረግማል። ከጦርነቱ የተረፈውን ደግሞ የእርሻ መኪና ገፋው። እ.ኤ.አ. በ1970 በፈረንሳይ 1.6 ሚሊዮን ያህል የእርሻ ድርጅቶች ነበሩ፤ በ2020 የቀሩት 390 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ለዕረፍት ቤት የሚገዛ ሰው በርካሽ የሚያገኘው፣ ሌሎች አንድ መቶ ሰባ ዓመት ሙሉ በመሄዳቸው የተፈጠረውን ባዶነት ነው።

የአማርኛ አንባቢ ስለ ሁለተኛ ቤት ሲሰማ «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል በአእምሮው መምጣቱ አይቀርም፤ ቃሉም በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ያስታውሰዋል። በፈረንሳይ ትርፍ ቤት አይወረስም፤ ነገር ግን ግብር ይለየዋል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሰው በሚኖርበት ዋና ቤት ላይ ይከፈል የነበረው የመኖሪያ ግብር ፈጽሞ ሲነሣ፣ በሁለተኛው ቤት ላይ ግን እንዳለ ቀርቷል። ሌላም የሚያቀራርብ ቃል አለ። በኢትዮጵያ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ የሚያርሰው ገበሬ፣ የመሬት ዐዋጁ እስከታወጀበት እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. ድረስ «ጢሰኛ» ይባል ነበር፤ መኖሩ የሚታወቀው ጢሱ ሲታይ ነውና። በፈረንሳይም በጥንት ዘመን የመንደር ሰው ለግብር የሚቆጠረው በእሳት ነበር፤ ዛሬም የግብር መሥሪያ ቤቱ አንድን ቤተሰብ የሚጠራው «ፉዋዬ» ብሎ ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። በሁለቱም አገር ሰው ማለት እሳት ነበር።

የቤት ደላላው ባልና ሚስቱን መጀመሪያ ወደ ባዶዎቹ ቤቶች ወሰዳቸው። የአንደኛው ጣራ ወደ ውስጥ ወድቋል። ሁለተኛው ጠንካራ ነበር፤ ነገር ግን ሰባት ወራሾች አሉት፤ ከሰባቱ አንዱ ካናዳ ይኖራል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን ከወላጁ ሀብት መንቀልን ይከለክላል። አንድ ልጅ ያለው ሰው ከሀብቱ ግማሹን፣ ሁለት ያለው ሁለት ሦስተኛውን፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው ሦስት አራተኛውን ለልጆቹ ሳያስቀር ሊናዘዝ አይችልም። ሕጉ የወጣው በልጆች መካከል እኩልነት እንዲኖር ነው፤ መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ቤት እንደ እህል ተሰፍሮ አይከፈልም። የሁሉም የሆነው ቤት የማንም ሳይሆን ይቀራል፤ ወራሾቹ ሲከራከሩም ዝናቡ አይጠብቃቸውም።

ወደ ሦስተኛው ቤት ሲቃረቡ ጢስ አዩ።

«ይህ ቤት ባዶ አይደለም እንዴ?» ሲል ባልየው ጠየቀ።

«ባዶ አይደለም። የሚሸጠውም በቪያዤ ነው» አለ ደላላው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በበሩ ጉበን ላይ 1863 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ቤቱን የሠሩት ፓሪስ ለኦስማን ሥራ በዋሉ እጆችና በዚያው ሥራ በተገኘ ደመወዝ ነው። በሩን የከፈቱት የ82 ዓመት ባልቴት ነበሩ። እንግዶቻቸውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ቡና ቀዱላቸውና፣ ደላላው እስኪናገር ሳይጠብቁ ነገራቸውን ጀመሩ።

«ጡረታዬ የገበሬ ሚስት ጡረታ ነው። ለማገዶና ለመድኃኒት ይበቃል፤ ለጣራ አይበቃም። ሁለቱም ልጆቼ ፓሪስ አጠገብ ይኖራሉ፤ ወደዚህ አይመለሱም። እኔም ከዚህ አልሄድም። ቤቱን እሸጥላችኋለሁ፤ እሳቱን ግን እስክሞት አልለቅም።»

ቪያዤ በፈረንሳይ ሕግ የታወቀ የሽያጭ ዓይነት ነው። ገዢው በውሉ ቀን «ቡኬ»፣ ማለትም እቅፍ አበባ፣ የሚባል የመጀመሪያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ሻጩ በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ ይከፍላል። ሻጩ ቤቱ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል። ሻጩ ቶሎ ቢሞት ገዢው ያተርፋል፤ ረጅም ዕድሜ ቢኖር ይከስራል። ክፍያውን ቢያቋርጥ ደግሞ፣ ውሉ በሚይዘው ቃል መሠረት፣ ቤቱንም እስከዚያ የከፈለውንም ሊያጣ ይችላል። በአርል ከተማ የኖሩት የዣን ካልማን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1965፣ የ90 ዓመት አሮጊት ሳሉ፣ አንድ የ47 ዓመት የሕግ ሰው ቤታቸውን በወር 2,500 ፍራንክ ለመግዛት ተዋዋለ። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ከፍሎ፣ የቤቱን ዋጋ ከእጥፍ በላይ አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በ77 ዓመቱ ሞተ፤ ሚስቱ ክፍያውን ቀጠለች። ዣን ካልማን ያረፉት በ1997፣ በ122 ዓመታቸው ነው።

የባልቴቷ ሐሳብ ግልጽ ነበር። ቡኬው 12 ሺህ ኤሮ፣ የወሩ ክፍያ 280 ኤሮ ይሁን፤ ዋናው ቤት በእጃቸው ይቆይ፤ የድርቆሹ ቤትና የፖም ዛፎቹ ያሉበት ቦታ ግን ከውሉ ቀን ጀምሮ ለገዢዎቹ ይሁን፤ እነርሱም አድሰው በዕረፍታቸው ይረፉበት።

ባልና ሚስቱ ያን ዕለት ያደሩት በምንጣፍ ሥዕል ሥራዋ በዓለም በታወቀችው በኦቡሶን ከተማ ነው። ባልየው እንደ ልማዱ ወረቀት አውጥቶ ያሰላ ጀመር። «ዘጠኝ ዓመት ከኖሩ ዋጋው ልክ ይመጣል። ስድስት ዓመት ከኖሩ...» ብሎ አቆመ።

«ጨርሰው እንጂ» አለች ሚስቲቱ። «ስድስት ዓመት ከኖሩ ምን?»

«እንጠቀማለን።»

«አየህ፤ የሰው ነፍስ እያካፈልክ ነው። የወሩን ገንዘብ በላክን ቁጥር ልባችን ምን እንደሚመኝ ታውቃለህ? እኔ በሰው ሞት ላይ የቆመ ቤት ውስጥ ዕረፍት ይኖራል ብዬ አላምንም።»

ባልየው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። «ጠዋት ያየነው ባዶው ቤትስ?» አላት። «እሱስ በምን ላይ ነው የቆመው? ያም የሞተ ሰው ቤት ነው። ልጆቹ ሄደዋል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ዋጋው የወረደው በዚህ ነው። ልዩነቱ የሞተውን ሰው ስላላየነው፣ ቡናም ስላልቀዳልን ብቻ ነው።»

ሚስቲቱ የታሪክ መምህርት ናትና ይህን ለመካድ አልቻለችም። በባዶ ቤት ግዢ ውስጥ ሞት የለም አይባልም፤ ተከድኗል እንጂ። በቪያዤ ግን ክዳኑ ይነሣል። ገዢው የሚጠቀምበትን ነገር ፊት ለፊት ያያል፤ ዓይን ለዓይንም ይተያያል። ማን ያውቃል፣ የሚያሳፍረው ነገር ይበልጥ ንጹሑ ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ሚስቲቱ ብቻዋን ወደ ባልቴቷ ተመልሳ፣ ቃል እየመረጠች፣ ነገሩ ያስከፋቸው እንደሆን ጠየቀቻቸው። ባልቴቷ ሳቁ።

«ማዳም፣ ልጆቼ ክፉዎች አይደሉም፤ ግን እነርሱም ይጠብቃሉ። ዕድሜዬ ሰማንያ ሲያልፍ የሚጠብቀኝ ሁሉ በነፃ ነበር የሚጠብቀኝ። እናንተ ብትጠብቁ ቢያንስ እየከፈላችሁ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በሕግ መንገድ ሄደ። በፈረንሳይ ቤት በጓዳ አይሸጥም፤ ኖቴር የሚባለው፣ መንግሥት የሚሾመው ውል አዋዋይ ካልጻፈውና ካላስመዘገበው ሽያጩ አይጠናም። በመጀመሪያ የመነሻ ውል ይፈረማል፤ ገዢው ግን ሐሳቡን ለመለወጥ የአሥር ቀን ፋታ አለው። ቀጥሎ የምርመራ ወረቀቶች ይቀርባሉ፤ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት መኖር አለመኖሩ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ቤቱ የሚፈጀው ሙቀት፣ በግራናይት አገር ከመሬት ስለሚወጣው ራዶን ስለተባለው ጋዝ ሳይቀር ይጻፋል። የገጠር መሬት ስለሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣ ሕግ የተቋቋመውና መሬት ከገበሬ እጅ እንዳይወጣ የሚከታተለው ድርጅት እንዲያውቀው ይደረጋል፤ ከፈለገ ከገዢው የመቅደም መብት አለውና። ለውሉና ለቀረጡ ደግሞ በአሮጌ ቤት ላይ ከዋጋው ከመቶ ሰባት ወይም ስምንት ያህል ይከፈላል፤ ከዚህም ብዙው ለውል አዋዋዩ ሳይሆን ለመንግሥትና ለአውራጃው የሚገባ ነው።

የመጨረሻው ውል የተፈረመው በመጋቢት ነው። ውል አዋዋዩ ሰነዱን በሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ሻጯ ውሉ በተፈረመ በሃያ ቀን ውስጥ፣ በዚያ ቀን በያዛቸው በሽታ ቢሞቱ ሽያጩ ፈራሽ ነው ከሚለው ቃል ሲደርስ፣ ባልቴቷ እጃቸውን አነሡ።

«እንግዲህ ሃያ ቀን ጉንፋን እንዳይዘኝ መጠንቀቅ አለብኝ ማለት ነው» አሉ። ውል አዋዋዩም ሳይቀር ሳቀ። ሚስቲቱ ግን አልሳቀችም፤ ቀና ብላ የባልቴቷን ጫማ አየች፤ ለዚህ ቀን ተብሎ በጥንቃቄ የተወለወለ ጫማ ነበር።

በመጀመሪያው የዕረፍት ወር ባልና ሚስቱ የድርቆሹን ቤት ጠርገው፣ ወለል አልብሰው፣ የእንጨት ምድጃ አቆሙበት። ኑሮው ሁሉ ፍቅር ነበር ማለት አይቻልም። መሐንዲሱ በግራናይቱ ግድግዳ ላይ ሰፊ መስተዋት ለመክፈት ሲነሣ፣ ባልቴቷ በትራቸውን ተደግፈው መጥተው «ሙሴ፣ ብርድ በር አያንኳኳም» አሉት። መስኮቶቹን እንደ ፕሮቫንስ መስኮት ሰማያዊ ቀለም ሊቀባ ሲልም ሁለት ቀን አላነጋገሩትም። ከዚያ የውሃውን ምንጭ አሳዩት፤ የትኛው ፖም ቶሎ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደሚበስል፣ አውሎ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነገሩት። በጥቅምት የዋናውን ቤት ጣራ አሳደሰው፤ ትልልቁ እድሳት በውሉ የገዢው ድርሻ ነውና። ጣራው ላይ የወጣው ሠራተኛ የዚያው አገር ሰው ነበር።

በሚቀጥለው የካቲት በረዶ ወረደ። ሚስቲቱ ለባልቴቷ ስልክ ብትደውል አልተነሣም፤ በማግስቱም አልተነሣም። ባልየው ሥራውን ትቶ፣ ሁለቱም ከፓሪስ ተነሥተው አምስት ሰዓት ያህል ነዱ። በመንገድ ላይ ብዙ አልተነጋገሩም። የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ፣ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ሁለቱም ወደ ጢስ መውጫው ቀና ብለው አዩ። ጉም ነበረ። መኪናዋ ቀስ እያለች ተጠጋች። ከጉሙ ውስጥ ከጉሙ የጠቆረ ነገር ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር።

ሚስቲቱ ዞር ብላ የባሏን ፊት አየችው። «ምን ተሰማህ?» አለችው።

ቶሎ አልመለሰላትም። «መጀመሪያ የተሰማኝን አልነግርሽም» አለ በመጨረሻ። «ቀጥሎ የተሰማኝ ግን ደስታ ነው።»

እሷም ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም፤ የራሷን የመጀመሪያ ስሜት ታውቀዋለችና።

ባልቴቷ በሩን ከፈቱላቸው። በረዶው የስልኩን ሽቦ በጥሶት ነበር። «ለመቁጠር መጣችሁ ወይስ ለመጠየቅ?» አሉ፤ መልስ ግን አልጠበቁም፤ ወዲያው ቡና ጣዱ። ምድጃው አጠገብ የቀረው ማገዶ ጥቂት ነበር፤ የቀረው ሁሉ ሳይፈለጥ በበረዶ ተሸፍኖ ውጭ ተከምሯል። ማገዶ በውሉ የባልቴቷ ድርሻ ነው፤ ገዢውን የሚያስገድደው አንድም አንቀጽ የለም። መሐንዲሱ ካፖርቱን አውልቆ መጥረቢያውን አነሣና እስኪመሽ ፈለጠ።

ዕረፍት ፍለጋ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ግድግዳና ጣራ በገንዘብ ሊገዛ ይችላል። መንደሩን ግን ማንም አይሸጥለትም፤ መንደሩ በሽያጭ የሚተላለፍ ንብረት አይደለምና። መንደር የሚገኘው ሰው በብርድ ጊዜ ሲመጣ፣ የሌላውን ጢስ ሲጠብቅ፣ በልቡ የሚያሳፍረውን ነገር ዐውቆ መጥረቢያ ሲያነሣ ነው። ለዚህ ዋጋ ውል አዋዋይ አያስፈልግም፤ ከመክፈል የሚያድን የአሥር ቀን ፋታም የለም።

ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ በድርቆሹ ቤት ውስጥ እሳት አነደዱ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ቢኖርና ቆሞ ቢቆጥር ኖሮ፣ በመንደሯ አራት ጢስ ያይ ነበር።